ሠላሳ አንደኛዋ ቀን

የናስ ማሰሮውን በሚዛን ሰቀልነው፣
ብርድ ልብሱን ቆጠርን፣ አልጋውን ገመትነው፣
ግቢውን በገመድ ለሁለት ከፈልነው።
ጉድጓዱ ለብሪጅላል፣ የኒሙ ዛፍ ለኔ፤
ጥላው ግን አልሰማም የሽማግሌ ብያኔ፣
ጠዋት ወደ ወንድሜ፣ ከሰዓት ወደ እኔ።
ግንቡ ሲደረደር፣ ጡብ በጡብ ሲከመር፣
የግንበኛው ረዳት ታሞ ቀርቶ ነበር፤
ጭቃውን በእጇ ዝቃ ስታቀብል የዋለች
ፉልማቲ እናቴ፣ እሷው ነበረች።

በመጨረሻ ቀረች፣ እሷ ራሷ ቀረች፤
በሚዛን አትወጣ፣ በገመድ አትለካ፣
ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ ትንባሆውን ነካ፦
«ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ከታላቁ ትብላ፣
ከዚያ እስከ ሠላሳ ከታናሹ ትብላ።»
ፍርዱ ልክ ነው አልን፤ አውራ ጣት ነከርን፣
ቀለሙ ሳይደርቅ ወደየቤት ተበተንን።
ወሩ አንዳንድ ጊዜ ሠላሳ አንድ እንደሚሆን
ማንም አላነሳ።
እሷም አላነሳች።

መተዳደሪያዬ ፊልም ነው፤
በማንሳሮቫር ሲኒማ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ እርግቦች ከሚያድሩበት፣
የካርቦን ዘንግ እለኩሳለሁ፣ ሌላው ሰው እንዲያለቅስበት።
በዚያ ዓመት አንድ ፊልም ሃያ አምስት ሳምንት ቆየብን።
ታሪኩን ሰው ሁሉ ያውቃል፦ ሦስት ልጆች፣ አንዲት መበለት፣
አራተኛው ጥቅል ላይ፣ በዝናብ፣ ከደጅ ሲያስወጧት፣
መጨረሻው ላይ ደግሞ እግሯ ሥር ሲወድቁላት።
የጎምቲ ማዶ ሴቶች በበሬ ጋሪ ሲመጡ፣
ከሳሪያቸው ጫፍ ሳንቲም ፈትተው ለሸራዋ እናት ሲሰጡ፣
እኔም አለቅስ ነበር። አልዋሽም። በቀን ሦስቴ፣ እሁድ አራት ጊዜ።
ከዚያ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ግንቤ፣ ወደ ድርሻዬ፣ ወደ ጓዜ።

ኦገስት ሠላሳ አንድ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
ሸራው ላይም ይዘንባል።
ትንሹ ልጅ ከደጃፉ እጁን ወደ እናቱ ሲሰድ፣
ፊልሙ ተበጠሰ።
ሸራው ነጣ። አዳራሹ ፏ አለ። ፉጨቱ የሚያሳብድ።

በቀዳዳዬ ወደ ታች አየሁ።
ፊተኛው ረድፍ፣ ርካሹ አግዳሚ ላይ፣ እናቴ ተቀምጣለች፤
እጇ ላይ ምንም የለም፣ ግን ታኝካለች።
ከሷ ሦስት ረድፍ ኋላ ብሪጅላል፣ በጨርቅ የተቋጠረ የምግብ ሣጥን
ጉልበቱ ላይ አቅፎ፣ እንደ ሌባ ደፍቶ አንገቱን።
እግሬ ሥር ደግሞ የኔው ሣጥን፤ ሚስቴ የቋጠረችው ምስርና ቂጣ፣
ገና ያልተፈታ፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣ።
ሁለት ሣጥን፣ አንዲት የራባት ሴት፣
መሃሉ ላይ ሦስት መቶ ሰው፣ «ቀጥል!» የሚል ጩኸት።

ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው። ቆጥሬዋለሁ።
አልወረድኩም።
ምላጭ አነሳሁ፣ የተቀደደውን ጠረዝኩ፣ በሙጫ አጣበቅሁ፤
ስምንት ምስል ጎደለ። ፊልሙን ቀጠልኩ።
ከዚያ ቀን ወዲህ በኔ ቅጂ ያ ልጅ እጁን አይዘረጋም፤
ሳይዘረጋ ደርሶ ይገኛል። ማንም ልብ አላለም።

መብራት ሲበራ ሁለቱም የሉም። ጠራጊው ራምሻራን
ወጥቶ ሰጠኝ፣ ከእናቴ ወንበር ያገኘውን፣
ያንን የወንድሜን ሣጥን።
ተበልቷል፤ ግን በግማሽ። ቂጣው በመሃል ተቀዷል፣
አንዷ ሽንኩርት እንኳ ለሁለት ተገምሳለች።
ጠግባ ነው? ወይስ የኔን ድርሻ ትታልኝ ሄደች?
አልጠየቅኳትም።
በማግስቱ ቀኑ አንድ ነበር፤ የእሱ ተራ።

ፌብሩዋሪ ላይ ሞተች፣ በሃያ ስምንተኛው፣ በኔ ቤት፣ በኔ ተራ።
የሽማግሌው ፍርድ ቢሰላ ሁለት ቀን ዕዳ አለብኝ።

ግንቡ አለ። ጥላውም እንደ ልማዱ ይሻገራል።
ስምንቱ ምስሎች በክብሪት ቀፎ ውስጥ ናቸው፤
አንዳንዴ ማታ ወደ አምፖሉ አነሳቸዋለሁ፣
ዝናቡ እንደ ጭረት ነጭ ሆኖ፣
እጁ በየምስሉ ትንሽ፣ ፀጉር ታህል፣ ይቀርባል።
ስምንተኛው ላይም አልደረሰም።